«ካነን ኢቨንት» እና የአርባ ቀን ዕድል፦ የሕይወትን ወሳኝ ቅጽበት ማን ይመርጠዋል?

የመክፈቻ ጽሑፍ

ጥያቄዬ በደብረ ማርቆስ ከማስተምራቸው ወጣቶች የተነሣ ነው፤ መልሱን ግን ከእናንተ እፈልጋለሁ። ስለ ሸረሪቱ ሰው ስለ ማይልስ ሞራሌስ የሚተርከው ሁለተኛው የአኒሜሽን ፊልም በግንቦት 2015 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ፣ «ካነን ኢቨንት» የሚለው አነጋገር በቲክቶክ ተሠራጭቶ ወደ እኛም መጥቷል። በፊልሙ ውስጥ ሚጌል ኦሃራ የተባለው ገጸ ባሕርይ፣ በየዓለሙ ያሉት የሸረሪት ሰዎች ሁሉ የግድ የሚያልፉባቸው፣ «ካነን ኢቨንት» የሚባሉ ክስተቶች እንዳሉ ይናገራል። ከእነዚህም አንዱ ለጀግናው ቅርብ የሆነ የፖሊስ አዛዥ መሞት ነው፤ ይህን ሞት ያስቀረ ሰው ያንን ዓለም በሙሉ ለጥፋት ይዳርጋል ይላል። ወጣቶቹ ነገሩን ወደ ራሳቸው ኑሮ አምጥተውታል። ጓደኛቸው ወደ ጉዳት ሲያመራ ቢያዩ እንኳ፣ የእርሱ ካነን ኢቨንት ስለሆነ ጣልቃ አንገባም ይላሉ።

አሳቡ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በሰው ላይ የደረሰው ሁሉ፣ ክፉም ሆነ ደግ፣ የአርባ ቀን ዕድሉ ነው ሲባል ሰምተን አድገናል። እኔ የምለው እንዲህ ነው። የሰውን ዕድሜ በፊትና በኋላ ብሎ የሚከፍል ቅጽበት መኖሩን አልክድም፤ ነገር ግን ቅጽበቱን ወሳኝ የሚያደርገው፣ ካለፈ በኋላ ዞር ብሎ የሚተርከው ሰው ነው። ገና ላልሆነ ነገር ይህን ስም መስጠት ለተቸገረ ሰው ላለመድረስ ምክንያት ማበጀት ነው ብዬ አምናለሁ። ታዲያ መራጩ ማን ነው? ደራሲው ነው፣ የታሪኩ ባለቤት የሆነው ድርጅት ነው፣ ሕዝቡ ነው፣ ወይስ ነገሩ የደረሰበት ሰው ራሱ?

የመጡትን ምላሾች በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬያቸዋለሁ።

1ኛ ምላሽ፦ ከቢቸና የሚጽፍ ወጣት ጋሼ ብሎ ጠርቶኝ፣ በአክብሮት ነገር ግን ሳይስማማ ጀመረ። ወጣቶች ይህን ቃል የሚጠቀሙት በአብዛኛው ለቀላል ነገር ነው ይላል፤ ለመጀመሪያ ፍቅር መፍረስ፣ ለማያምር የፀጉር ቁርጥ፣ ከወላጅ ተደብቆ ለተገዛና በሳምንቱ ለተበላሸ ስልክ። ማንም ሰው ጓደኛው ገደል ሲገባ ቆሞ አያይም፤ ስለዚህ የጨዋታን ቋንቋ በክርክር ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ተገቢ አይደለም ብሎ ደመደመ። የጨዋታን ድንበር በትክክል ያሳየ ምላሽ ነበር፤ ድንበሩ ሁልጊዜ ይጠበቃል ወይ የሚለውን ግን አላነሣም።

2ኛ ምላሽ፦ በፍኖተ ሰላም የምትሠራ ነርስ ድንበሩ እንደማይጠበቅ ያየችውን በመንገር መለሰችለት። በሰፈሯ አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ በደላላ ተታልላ ትምህርቷን ጥላ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ተነሥታ ነበር። የቅርብ ጓደኞቿ ነገሩን ከመነሻው ያውቁ ነበር፤ ለእናቷ ለምን እንዳልተናገሩ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ይህንኑ አነጋገር ነው፤ የራሷ መንገድ ነው፣ አልፋበት ትማር የሚል። ነርሷ ነገሩን በአጋጣሚ ሰምታ ለቤተሰቡ ነገረች፤ ልጅቷም ቀረች። በልጆቹ አልፈረደችም፤ ነገር ግን በሣቅ የተለመደ አነጋገር ሣቅ በሌለበት ቀን እንደ ምክር ሆኖ እንደሚወጣ በዓይኗ አይታለች።

3ኛ ምላሽ፦ በባሕር ዳር የሚኖር፣ ራሱን የፊልም ተከታታይ ብሎ ያስተዋወቀ ሰው አንድ ትልቅ እርምት አቀረበ፤ በመክፈቻ ጽሑፌ ላይ መጨመር ያለበትም ይኸው ነው። ፊልሙ የሚጌልን አሳብ አያጸድቅም። ማይልስ አባቱ የፖሊስ አዛዥ ሆኖ ሊሾም መቃረቡን፣ ይህም ማለት ሊሞት የተመደበው እርሱ መሆኑን ሲረዳ፣ ትእዛዙን አልቀበልም ብሎ ከሁሉም ጋር ይጣላል። የሚጌል እምነት የመነጨው ከራሱ ሐዘን ነው፤ የሌላ ዓለም ሰው ተክቶ በኖረበት ቤት ያደረሰውን ጥፋት ለሁሉም የሚሠራ ሕግ አድርጎታል፤ ሕጉ እውነት ስለመሆኑም ፊልሙ ቁርጥ ያለ ማረጋገጫ ሳይሰጥ ያበቃል። ስለዚህ በቲክቶክ የተሠራጨው አነጋገር የጀግናው ሳይሆን ጀግናው የተቃወመው ሰው ቃል ነው። ሰው አንድን ታሪክ አይቶ ታሪኩ የሚጠይቀውን አሳብ እንደ ትምህርት ይዞ መውጣቱ ያሳዝናል የሚለው ዐረፍተ ነገሩ ለእኔም እውነት ሆኖ ታይቶኛል።

4ኛ ምላሽ፦ ስምምነቱን ብቻ ገለጸ።

5ኛ ምላሽ፦ እዚህ ላይ ድምፁ ሻከር አለ። ከደንበጫ የሚጽፍ ሰው፣ የቅኔ ቤቶቹ ዲማና ዋሸራ ባሉበት አገር የሸረሪት ሰው ካርቱን የክርክር ርእስ መሆኑ እንዳሳፈረው፣ መምህር ነኝ የሚልም ሰው ልጆችን ወደ ራሳቸው ቅርስ ሊመልስ ሲገባው የባዕድ ፊልም ተንታኝ መሆኑ እንዳስቆጣው ጻፈ።

6ኛ ምላሽ፦ የቢቸናው ወጣት ተመልሶ፣ ልጆቹ ፊልሙን ያዩት መምህሩ ስላነሣው አለመሆኑን፣ በእጃቸው ባለ ስልክ አስቀድመው እንዳዩት፣ ቅርሱም ከዚህ ክርክር ቢገባ በሩ ክፍት እንደሆነ በትሕትና አስረዳ። ይህ ቅንነቱ ክሩን፣ ማለትም የውይይቱን ሰንሰለት፣ ከመበላሸት አድኖታል፤ ቀጥሎ እንደሚታየው ቅርሱ በእርግጥ ገባ።

7ኛ ምላሽ፦ ትውልዱ ሞጣ የሆነ፣ አሁን በውጭ አገር የሚኖር የኮሚክ መጻሕፍት አንባቢ ረዘም ያለ ጽሑፍ አቀረበ፤ ለእኔ ክርክር ከሁሉ የበለጠ ማስረጃ የሰጠውም እርሱ ነው። የሸረሪቱ ሰው የፒተር ፓርከር ወሳኝ ቅጽበት የአጎቱ የቤን ሞት እንደሆነ ዛሬ ሁሉም ያውቃል፤ ታላቅ ኃይል ታላቅ ኃላፊነት ያስከትላል የሚለውም ትምህርት የአጎቱ ኑዛዜ ተደርጎ ይወሰዳል። ነገር ግን ስታን ሊ እና ስቲቭ ዲትኮ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1962 መጀመሪያ ሲያወጡት፣ ያ አሳብ በታሪኩ መጨረሻ ላይ በተራኪው ድምፅ የተጻፈ ነበር፤ አጎት ቤን ሲናገረው አይታይም። በአጎቱ አፍ የገባው ቆይቶ፣ ሌሎች ታሪኩን ደግመው ሲተርኩት ነው። ባትማንም እንዲሁ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1939 ሲሆን፣ በልጅነቱ ወላጆቹ በዓይኑ ፊት መገደላቸው የተገለጸው ስድስት ወር ያህል ቆይቶ በወጣ እትም ነው። ጀግናው ቀድሞ መጣ፤ ጀግና ያደረገው ቅጽበት ኋላ ተጻፈለት። የሞጣው ሰው ከዚህ ያወጣው ድምዳሜ፣ ካነን፣ ማለትም የታሪኩ እውነተኛ ክፍል፣ ተብሎ የሚከበረው ነገር አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የተጻፈው ሳይሆን በመደጋገም የጸናው ነው የሚል ነው።

8ኛ ምላሽ፦ አንድ አንባቢ ይህን ተቀብሎ፣ ታዲያ ሥልጣኑ የማን ነው ሲል ጠየቀ። የስታር ዎርስ ፊልሞችን ታሪክ ለአብነት አነሣ። ዲዝኒ የፊልሞቹን ባለቤት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ከገዛ በኋላ፣ በ2014 ለዓመታት የታተሙት ልብ ወለዶችና ኮሚኮች በይፋ ከካነን ውጭ ሆነው «አፈ ታሪክ» የሚል ምድብ ተሰጣቸው። በእነዚያ መጻሕፍት ያደጉ አንባቢዎች አንድ ቀን ሲነሡ የሚወዷቸው ሰዎች ጋብቻና ሞት ሁሉ እንዳልተፈጸመ ተነገራቸው። ባለንብረቱ ሊያውጅ ይችላል፤ በአንባቢው ልብ ያለውን ግን ሊሽር ይችላልን የሚለውን ጥያቄ ሳይመልስ ተወው።

9ኛ ምላሽ፦ ያው የሞጣ ልጅ መልሶ፣ ካነን የሚለው ቃል በታዋቂ ልብ ወለድ ላይ መዋል የጀመረው ከሼርሎክ ሆምስ አንባቢዎች ዘንድ መሆኑን ጠቆመ። ሮናልድ ኖክስ እ.ኤ.አ. በ1911 ባቀረበው ጽሑፍ የመጽሐፍ ቅዱስ ሊቃውንትን የምርመራ ዘዴ በሆምስ ታሪኮች ላይ አዋለው፤ ከዚያ ወዲህ በአርተር ኮናን ዶይል የተጻፉት 4 ረጃጅምና 56 አጫጭር ታሪኮች ካነን ተባሉ። በዚያ ዘመን የነበረው ትርጉም ከዛሬው ጠበብ ያለ ነበር፤ የትኛው ጽሑፍ የደራሲው ነው የሚል ብቻ። የአንድን ሰው ዕጣ የሚወስን ክስተት የሚለው ትርጉም የተጨመረው በፊልሙ ነው።

10ኛ ምላሽ፦ የመጽሐፍ ቅዱስ ስም ሲነሣ፣ እስካሁን በጸጥታ ያነብቡ የነበሩ አንድ የደብረ ኤልያስ መሪጌታ ጻፉ። አጻጻፋቸው የረጋ ነበር። ሁለት ነገር አስተማሩ። አንደኛው፣ በቤተ ክርስቲያናችን የመጻሕፍት ቀኖና ሰማንያ አሐዱ መሆኑ የጸና ቢሆንም፣ የብሉይና የሐዲስ መጻሕፍትን እንዲሁም የሥርዓት መጻሕፍትን አቆጣጠር በተመለከተ ከአንድ በላይ ዝርዝር መኖሩ ነው፤ ቁጥሩ ጸንቶ አቆጣጠሩ ተለያይቷል። ሁለተኛው እርምት ለእኔ የተሰጠ ነበር። የአርባ ቀን ዕድል የሚለው የሕዝብ አነጋገር እንጂ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም። በአርባ ቀን፣ ለሴት ልጅም በሰማንያ ቀን የሚፈጸመው ጥምቀት የልጅነት ጸጋ የሚሰጥበት ነው፤ ዕጣ የሚቆረጥበት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 15 እሳትና ውኃ በሰው ፊት እንደቀረቡለት፣ እጁንም ወደ ወደደው መስደድ እንደሚችል ይናገራል፤ ስለዚህ ሰው በፊቱ ያለውን የሚመርጥ ፍጡር ነው አሉ።

11ኛ ምላሽ፦ የደጀን ሴት ናት፤ ቃሏ የተሳለ ነበር። መሪጌታን በማክበር ብትጀምርም፣ መጽሐፉ የሚለውና በየቤቱ የሚባለው አንድ አለመሆኑን ሳትሸፋፍን ተናገረች። የአርባ ቀን ዕድልሽ ነው የሚለው ቃል ለማን ይነገራል ብላ ጠየቀች። ባሏ ለሚደበድባት፣ ያለ ፈቃዷ ለተዳረች፣ ከትምህርት ቤት ወጥታ ወንድሞቿን እንድታሳድግ ለተፈረደባት ይነገራል እንጂ፣ ከብት ለጠፋበት ገበሬ እንኳ ሰዎች ተሰብስበው ፍለጋ ይወጣሉ። ወጣቶቹ ከፊልም ያመጡት አነጋገር የሚያስቆጣን ሽማግሌዎች፣ ራሳችን ለሴት ልጆቻችን ስንናገር የኖርነውን አስቀድመን እንመርምር አለች። ይህ ምላሽ ከሁሉም ይልቅ ብዙ ድጋፍ አግኝቷል፤ የሚገባውም ነበር። እኔ በመክፈቻዬ የአርባ ቀን ዕድልን ያነሣሁት ለማነጻጸሪያ ብቻ ነበር፤ እርሷ ግን ክብደቱን በትከሻቸው የሚሸከሙት እነማን እንደሆኑ ገለጠችው።

12ኛ ምላሽ፦ መሪጌታ ልጄ ብለው ጠርተዋት፣ የተናገረችው እውነት መሆኑን፣ እንዲህ ያለው ቃል ለማጽናናት ተብሎ ሲነገር ሸክም እንደሚሆን በአገልግሎታቸው እንዳዩ መሰከሩ። ክርክሩ በዚህ ረገድ የበረደ መሰለ።

13ኛ ምላሽ፦ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ የነበረ፣ አሁን በቡሬ በሒሳብ ሥራ የሚተዳደር ሰው የ5ኛውን ምላሽ ቅሬታ በሌላ መንገድ መለሰ፤ ቅርሳችን ስለ ካነን ምን ይላል ለሚለው ቅኔ ቤትን አመጣ። በቅኔ ቤት የጸና ነገር አለ፤ ጉባኤ ቃና የሚባለው የቅኔ ዓይነት ሁለት ቤት (ስንኝ) ነው፣ ዘአምላኪየ ሦስት፣ ዋዜማ አምስት፣ ሥላሴ ስድስት፣ መወድስ ስምንት። ይህን ልክ ማንም ተማሪ አይቀይረውም። ነገር ግን በዚያ ልክ ውስጥ የሚገባው ነገር አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ደግሞ የራሴ ነው ማለት ነውር ነው። ስለዚህ በጎጃም የቅኔ ትምህርት ቀኖናው መልኩን ይጠብቃል፣ ይዘቱን ግን ለተማሪው ይተዋል፤ የፊልሙ ሚጌል የሚፈልገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ መልኩ እንደፈለገ ሆኖ ይዘቱ፣ ማለትም ሞቱ፣ እንዳይቀየር። ሰውየው ከቤቱ ጠፍቶ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ በየመንደሩ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ የለመነበትን ዘመን አስታውሶ፣ ያ መጥፋቱ የሕይወቱ ወሳኝ ቅጽበት ነው ወይ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ሁሉም ሰው እንደዚያ ይተርክለታል፤ እርሱ ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ጉባኤ ቃና ለመምህሩ ነግሮ መምህሩ አንድ ቃል ብቻ አርመው ያሳለፉለትን ማለዳ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ማለዳ ወሳኝ ይሆናል ብሎ የገመተ ማንም አልነበረም፤ እርሱም ጭምር። ይህን ክር ካነበብኩ ወዲህ ደጋግሜ የተመለስኩበት ምላሽ ይህ ነው።

14ኛና 15ኛ ምላሽ፦ ሁለት ሰዎች የዋሸራ ቅኔ ይበልጣል ወይስ የጎንጅ በሚለው ተከራከሩ። እያንዳንዱ የተማረበትን ቤት አሞገሰ። ለብቻው ክር የሚገባው ርእስ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

16ኛ ምላሽ፦ በቡሬ አማርኛ የምታስተምር መምህርት ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ መለሰችን፤ ፍቅር እስከ መቃብር በማንኩሳ የሚጀምርና የእኛው አገር ታሪክ በመሆኑ፣ እስካሁን አለመነሣቱ እንዳስገረማት ገለጸች። በዛብህ ራሱ ሳይመርጥ አስቀድሞ የተቆረጠለት ሕይወት ያለው ሰው ነው። ወላጆቹ እንዲኖርላቸው ሲሉ ለእግዚአብሔር ተስለው፣ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል ወስነውለታል። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያስጨንቀው የልጅቷ አባት የፊታውራሪ መሸሻ ቁጣ ብቻ አይደለም፤ እርሱ ያልተናገረው፣ ነገር ግን ስለ እርሱ የተነገረው ስእለትም ነው። እንግዲህ ሚጌል ማይልስን የሚለው ይህንኑ ነው፤ አስቀድሞ የተጻፈልህን ፈጽም። መምህርቷ በ1958 ዓ.ም. የታተመ የጎጃም ልብ ወለድ ይህን ጥያቄ ከፊልሙ አስቀድሞ፣ በእኛ ሥርዓትና በእኛ ቋንቋ ማንሣቱን ተማሪዎቻችን እንዲያውቁ ትሻለች፤ ሁለቱን አንድ ላይ ማስተማር ይቻላል ትላለች።

17ኛ ምላሽ፦ ሌላ አንባቢ መምህርቷን በከፊል አረመ። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱን ወጣቶች የሚለያያቸው ስእለቱ ሳይሆን የዘር ክብር ነው ይላል፤ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ከእርሳቸው በታች ላለ ሰው አልሰጥም ባይሉ ኖሮ በዛብህ ስለ ስእለቱ የሚያደርገውን የሚወስን እርሱ ራሱ ይሆን ነበር። በመጽሐፉ ያለው ጉዱ ካሳ የሚጮኸውም በዚህ ነው፤ ሰው የሠራውን ሥርዓት ሰው ሊለውጠው ይችላል፣ እንደ ተፈጥሮ ሕግ ማየት ግን ቤቱን በራስ ላይ እንዲወድቅ መጠበቅ ነው የሚል ሰው ነው። አንባቢው ጉዱ ካሳ እብድ የተባለበትን ምክንያት ከ11ኛው ምላሽ ጋር አገናኘው፤ ዕድል ነው ተብሎ የተተወውን ነገር ሰው ሠራሽ ነው ብሎ የሚናገር በመንደሩ ጤነኛ ተብሎ አይቆጠርም። ስለ ስእለቱ ከመምህርቷ ጋር ነኝ፤ ስለ ጉዱ ካሳ ግን ከእርሱ የተሻለ ያስረዳ የለም።

18ኛ ምላሽ፦ አንድ በዕድሜ የገፉ አባት፣ መጽሐፉን በልጅነታቸው እንዳላነበቡት፣ ነገር ግን ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ቤት ተሰብስቦ እንዳዳመጠ ጻፉ። ለእርሳቸው የበዛብህ ድምፅ የወጋየሁ ድምፅ ነው፤ ኋላ መጽሐፉን ሲያነቡ እንኳ ያ ድምፅ አልለቀቃቸውም። ደራሲው ጽፎታል፣ ያጸናው ግን አንባቢውና አድማጩ ነው በማለት፣ ለ8ኛው ምላሽ ጥያቄ ሳያስቡት መልስ ሰጡ።

19ኛ ምላሽ፦ ከቢቸና ሌላ ሰው አርበኛውን በላይ ዘለቀን አነሣ። አባታቸው በልጅነታቸው መገደላቸው እንደ ሸረሪቱ ሰው አጎት ሞት የጀግንነታቸው መነሻ ነው የሚል አሳብ ነበረው።

20ኛ ምላሽ፦ የ5ኛው ምላሽ ጸሐፊ በቁጣ ተመልሶ፣ በደም የተጻፈን የአርበኛ ታሪክ ከካርቱን ጋር ማወዳደር ድፍረት ነው አለ። ቁጣው ከፍቅር የመጣ መሆኑ ይታየኛል። ነገር ግን ከቁጣው በኋላ የጻፈው ዐቢይ ነገር ነበር። አባ ኮስትር በላይን ጀግና ያደረጋቸው የትኛው ቀን እንደሆነ የጎጃም ሰው አንድ ሆኖ አይመልስም፤ አንዱ የአባታቸውን ሞት ይላል፣ አንዱ በጠላት ወረራ ዘመን የተዋደቁበትን ይላል፣ ሌላው ደግሞ ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. በገዛ አገራቸው መንግሥት የተሰቀሉበትን ቀን ይላል፤ ሐዘንተኛው አልቃሽ የሚመርጠው ቀን ሌላ፣ ፎካሪው የሚመርጠው ቀን ሌላ ነው። የእውነተኛ ሰው ሕይወት እንደ ልብ ወለድ አንድ መነሻ የለውም ሲል፣ ሳያውቀው የመክፈቻ ጽሑፌን ክርክር ከእኔ በተሻለ አጸናው።

21ኛ ምላሽ፦ እስከዚህ ዝም ያለ አንድ ተማሪ ጻፈ፤ ከዚህ በኋላ ክሩ እንደ ቀድሞው አልነበረም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ሲሰጥ ከተፈተኑት መካከል እንደነበረ፣ በዚያ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወሰ። እርሱና ጓደኞቹ መውደቃቸውን ካነን ኢቨንት ብለው የጠሩት ለሣቅ አልነበረም፤ ሌላ ስም ስላጡለት ነው። ከመቶ ሰው ዘጠና ስድስቱ አንድ ላይ የወደቁበት ነገር የእያንዳንዱ ጥፋት ነው ብሎ ማመን ከባድ ነበር፤ የማን ጥፋት እንደሆነም የነገራቸው አልነበረም፤ ስለዚህ ዕጣ አሉት።

22ኛ ምላሽ፦ አንድ ሰው ሰነፍ ተማሪ ምክንያት አያጣም ብሎ በአንድ መስመር መለሰ። ይህን ያህል ጨካኝ ቃል በዚህ ክር አልተጻፈም፤ ለጸሐፊውም በዚያው ነግሬዋለሁ።

23ኛ ምላሽ፦ የቡሬዋ መምህርት ተማሪውን ደገፈች። የላቦራቶሪ ዕቃ በሌለበት ኬሚስትሪ የተማረ፣ የአንድን የትምህርት ዓይነት መምህር ለወራት ያላገኘ ልጅ ውጤቱ አስቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን ገልጻ፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ማለት ግን የተጻፈ ዕጣ ማለት አይደለም አለች፤ ያዘጋጁት ሰዎች ናቸው፣ ሊያስተካክሉትም ይችላሉ። ሚጌል ሊለይ ያልቻለው ይህን ነው ብላ ወደ ፊልሙ አያያዘችው፤ የሰው እጅ ያለበትን ነገር የዓለም ሕግ አድርጎታል።

24ኛ ምላሽ፦ ሌላ ሰው፣ በጸጥታው ችግር ምክንያት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው የጎጃም ልጆች ወደ ፈተናው ደጃፍ እንኳ አለመድረሳቸውን አስታውሶ፣ ለእነርሱ ይህን ቃል የሚጠቀም ካለ እንዲያፍር ጠየቀ። ማንም አልተከራከረውም።

25ኛ ምላሽ፦ የቢቸናው ወጣት ለሦስተኛ ጊዜ መጣ። የሚያደርገውን ማወቅ እንደሚፈልግ ገልጾ ለነርሷ እንዲህ ያለ ጥያቄ አቀረበ፤ ጓደኛው ሲሳሳት ያያል፣ ቢናገረው ይጣላዋል፣ ለቤተሰቡ ቢነግር ከሐዲ ይባላል፤ ጓደኛን ሳይጫኑ መርዳት የሚቻለው እንዴት ነው? ለማሸነፍ ሳይሆን ለማወቅ የተጠየቀ ጥያቄ ነበር፤ የመድረኩ ዋጋም እንዲህ ባለው ጊዜ ይታያል።

26ኛ ምላሽ፦ ነርሷ በሙያዋ የምትከተለውን ነገረችው። አስቀድማ ለሰውየው ለብቻው፣ የምታየውን በግልጽ ቃል ትናገራለች፤ ሰውየው ሰምቶ እምቢ ካለ ውሳኔው የእርሱ ነው። ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ወይም ሰውየው ገና ልጅ ሲሆን ግን ለሚመለከተው ቤተሰብ ትናገራለች፤ እንደምትናገርም አስቀድማ ለራሱ ታስታውቀዋለች፤ ከኋላው የተሠራ ነገር እንዳይመስለው። ቀጥላ ስለዚያች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጨመረች። ልጅቷ ዛሬ የሙያ ትምህርት እየተማረች ነው። ሕይወቷን የቀየረው ቀን የትኛው እንደሆነ ነርሷ በቅርቡ ጠይቃት ነበር፤ የደላላውን ነገር ወይም ጉዞው የቀረበትን ቀን ትጠቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። ልጅቷ ግን የጠቀሰችው ያንን ክፍል ስትደግም በሒሳብ ትምህርት ከእርሷ የሚያንሱትን ልጆች እንድታስጠና መምህሯ የመደባትን ቀን ነው። ነርሷ ስለዚያ ቀን ከዚያ በፊት ሰምታ አታውቅም ነበር።

27ኛ ምላሽ፦ የደጀኗ ሴት ይህን ታሪክ በምትሰበስባቸው የቁጠባ ማኅበር እናቶች ፊት ልትናገረው ፈቃድ ጠየቀች፤ ሴት ልጅ ያላቸው ብዙ ናቸውና።

28ኛ ምላሽ፦ ነርሷ ስሟና ሰፈሯ እስካልተነገረ ድረስ እርሷ ተቃውሞ እንደሌላት፣ ነገር ግን ታሪኩ የልጅቷ ስለሆነ አስቀድማ እንደምትጠይቃት፣ መልሱንም እዚሁ ክር ላይ እንደምትጽፍ ገለጸች።